ቁልፍ ልታመጣ የሄደችው ልጅ

ሁለቱ ወንድሞቼ ሳይነጋገሩ ለዓመታት አብረው ሥዕል ሠርተዋል። ይሄ እንዴት ይሆናል የሚል ካለ፣ በእኔ እግር ነዋ። ታናሼ ቲሞፌይ ከመንገዱ ወዲህ፣ ታላቃችን ላቭሬንቲ ከመንገዱ ወዲያ፤ እኔ ፌቭሮንያ ደግሞ የሁለቱን ሥራ በጨርቅ ጠቅልዬ በጭቃውም በበረዶውም ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ። ባሌ ገና በወጣትነቱ ሞቶብኛል፣ ልጅም አልወለድኩ፤ ለሁለት ደረቅ ወንዶች መላላኪያ ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል።

በእኛ መንደር፣ በሉዛኖቮ፣ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እንጀራችን ቅዱሳንን መሣል ነበር። አንዱን ሥዕል ደግሞ አንድ ሰው አይጨርሰውም። ልብሱን፣ ተራራውን፣ ዛፉንና ፈረሱን የሚሥለው ሌላ ነው፤ ፊት የሚሥለው ሌላ ነው። ቲሞፌይ ልብስና ዛፍ ተማረ፣ ላቭሬንቲ ፊት ተማረ። ማናቸውም ስማቸውን አይጽፉም። ሥዕል ላይ ስሙን የጻፈ ሰው ቢገኝ አባታችን በመጥረጊያ እየደበደበ ነበር ከደጅ የሚያስወጣው።

ኋላ ቄሳሩ ወርዶ ቦልሼቪኮቹ ሲመጡ ቅዱሳንን የሚገዛ ጠፋ። መንደሩ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ቲሞፌይ ያኔ ነው እናታችን ጀርባው መኝታ በሆነው ትልቅ የጡብ ምድጃ ላይ አስተኝታ ትነግረን የነበረውን ተረት መሣል የጀመረው። በዚያው በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም፣ በዚያው የቅዱሳን ሳንቃ ላይ፣ ቀይ ፈረስ ሣለ፤ ሰው በልቶ የተጸጸተ ተኩላ ሣለ፤ ጅራቷ እንደ እሳት የሚያበራ ወፍ ሣለ። ዛፎቹን ያየ ሰው ነፋሱ ይሰማዋል። የሰዎቹን ፊት ግን ባዶ ይተወዋል፤ ላቭሬንቲ ከጎኑ ተቀምጦ በቀጭን ብሩሽ ይሞላዋል። ያኔ ሦስታችንም አንድ ቤት ነበርን፣ ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ከሞስኮ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው መጣ። ሥዕሎቹን አየ፣ ተገረመ፣ ለኤግዚቢሽን እወስዳለሁ አለ። "ሠዓሊው ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

"እኔ" አለ ቲሞፌይ።

ላቭሬንቲ አጠገቡ ቆሟል፤ ጣቱ ላይ ያለው ቀለም እንኳን አልደረቀም። አንዲት ቃል ናት እኮ። "እኛ" ቢል ምላሱ ይቆረጥ ነበር? ሰውየው ጥግ ላይ ስምህን ጻፍበት አለው፣ ይሄም ጅል በወርቅ ቀለም ጻፈበት። ላቭሬንቲ ብሩሾቹን ሰብስቦ፣ ከመንገዱ ማዶ የአጎታችን ቤት ባዶ ነበርና እዚያ ገባ።

ፊት መሣሉን ግን አልተወም። ቲሞፌይ የቀረውን ሠርቶ ሲጨርስ እኔ እወስድለታለሁ፣ ላቭሬንቲ ፊቱን ሞልቶ ይመልስልኛል። "ተቀይመህ ስታበቃ ለምን ትሥልለታለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እነዚህ የሥዕሉ ልጃገረዶች ምን አጠፉ? በእኛ ጠብ ፊት አጥተው ይቅሩ?" አለኝ። ስለ ጉዳዩ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

የቲሞፌይ ሚስት በወሊድ ስለሞተች ልጁን ኡስትያን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ክርስትና ያነሳት ደግሞ ላቭሬንቲ ነው። ጠባቸውን ጠብ ያላለች እሷ ብቻ ነበረች፤ እንደፈለገች መንገዱን ትሻገራለች። አባቷ ዘንድ ሥራዋ እንቁላል ነበር፦ አስኳሉን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያንከባለለች ነጩን ታራግፈዋለች፣ ቆዳውን ትወጋና ወደ ቀለሙ ታፈስሰዋለች። ብሩሽ ግን ክልክል ነው። "ሴት ልጅ ፊት አትሥልም" ይላት ነበር አባቷ፣ "ደግሞስ ዓይንሽን አጥፍተሽ ማን ያገባሻል?"

"አንተ ፊት የማትሥለው ሴት ስለሆንክ ነው እንዴ አባዬ?" ትለዋለች። እኔ ስስቅ እሱ ይቆጣል።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ማታ ማታ ላቭሬንቲ ዘንድ ማምሸት አበዛች። ክርስትና አባቴ አርጅቷል፣ ቤቱን ላጽዳለት፣ ዳዊት ላንብብለት ትላለች። እሰየው አልኩ። እሱ ሰውዬ ያን ሰሞን ባሕርዩ ተለዋውጦብኝ ነበር። መንገድ ላይ ሳልፍ ሰላም አይለኝም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከቲሞፌይ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጥመው እንደ ግንብ አልፎት ሄደ፤ ቲሞፌይ ቤት ገብቶ ሳህን ሰበረ። "እርጅና ከኩራት ጋር ተጋብቶበታል" እያልኩ አማሁት።

ሥራው ግን አማረ። አንዱን ሳንቃ ስመልስለት ቲሞፌይ መስኮቱ ጋ ወስዶ ብዙ አየው። በበረዶ ላይ ባዶ እግሯን የምትሄድ ልጅ ናት፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። "የሰውዬው እጅ ወጣት ሆኗል እታለም" አለኝ። "እንዲህ አድርጎ ሥሎ አያውቅም።" ኡስትያ ያን ጊዜ እንቁላል እያዘጋጀች ነበር፤ አስኳሉ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ፈረጠ። አባቷ ሲጮህባት እሷ ፊቷን በክንዷ ሸፍና ትስቅ ነበር። ያ ሥዕል ተሸጠ። ከሱ ቀጥሎ የመጣውም ተሸጠ።

ከዚያ ቲሞፌይ የእናታችንን የመጨረሻ ተረት ጀመረ። ብርድ ምድርን ቆልፎ ቁልፉን ከባሕር ማዶ ይጥለዋል፤ ወፎች በየዓመቱ ቁልፉን ይዘው መጥተው ይከፍቷታል። አንድ ዓመት ረሱትና በረዶው አልቀልጥ አለ፣ ከብቱ አለቀ። አንዲት ልጅ እኔ አመጣዋለሁ ብላ ከወፎቹ ጋር በረረች። ቁልፉን ከሰማይ ወረወረችው፣ ምድር ተከፈተች፣ እሷ ግን ሳትወርድ ቀረች። እኛ "ከዚያስ?" ስንላት እናታችን "ከዚያማ ተኙ" ትለን ነበር። ቲሞፌይ በጋውን ሙሉ ሠራው። እንደዚያ ያለ ሰማይ ከብሩሹ ወጥቶ አያውቅም።

ለላቭሬንቲ ወሰድኩለት። ከወትሮው ይልቅ ዘገየ። መልሼ ያመጣሁት ቀን ኡስትያ በትኩሳት ምድጃው ላይ የበግ ቆዳ ለብሳ ተኝታለች፤ ብርድ መታት ብለን የጎመን ሾርባ ነበር የምናጠጣት። ቲሞፌይ ጨርቁን ፈታ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

እውነት ለመናገር ፊቱ ልክ አልነበረም። አንዱ ዓይን ከሌላው ዝቅ ብሏል፤ የከንፈሩ መስመር ተንቀጥቅጧል። ሲያይህ ግን ልብህን ይይዘው ነበር፤ ልጅቷ እንደማትመለስ የምታውቅ ትመስላለች።

"ጠጥቶ ነው የሣለው" አለ ቲሞፌይ። "በጋውን ሙሉ የደከምኩበትን ሆን ብሎ አበላሸው። ከዚህ በላይ በቀል ከየት ይመጣል።"

ኡስትያ ከላይ ሆና "ተወው አባዬ፣ እንዲሁ ደህና ነው" አለችው።

"አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ" አለና ቢላዋውን አነሳ። የፊቱን ቀለም ከሥሩ እስካለው ነጭ ኖራ ድረስ ፋቀው። በትኩሳት ስታቃስት የቆየችው ኡስትያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ሳንቃውን ጠቅልዬ ወደ ላቭሬንቲ መለስኩት፤ "እንደገና ሥራው ብሏል" አልኩት። ተቀበለኝና ጭኑ ላይ አጋደመው። በማግስቱ ሳንቃውን እንደተፋቀ መለሰልኝ።

ብርድ ያልነው ተስቦ ኖሯል። የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ ኡስትያን ቀበርናት። እኔ ያንን ቀን ማውራት አልችልም። ላቭሬንቲ አስከሬኑ ሲወጣ አጥሩ በር ላይ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ወደ ቤት አልገባም። ቲሞፌይ አየው። "ክርስትና ልጁ ሞታ እንኳን ደጄን አልረገጠም" አለኝ። እኔም በዚህ ነገር ለላቭሬንቲ ልቤ አልተፈታለትም።

ክረምቱን ቲሞፌይ ሥራ አልሠራም። ፊቷ ከዓይኑ እየጠፋበት መጣ፤ እሱን ያስፈራው ይሄ ነበር። እኛ መንደር ፎቶግራፍ አንሺ አይመጣም። ጠዋት ተነስቶ "ቅንድቧ እንዴት ነበር እታለም?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። "አይ፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን አላየውም" ይላል። አንድ ቀን ያንን የተፋቀ ሳንቃ ከግድግዳው ሥር አወጣው። "የሷን ፊት እዚህ ይሥልልኝ። ክርስትና አባቷ ነው፣ ከልጅነቷ ያውቃታል። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አንድ ጊዜ እንድትመለከተኝ ብቻ ነው።"

ወስጄ ለመንኩት። ላቭሬንቲ ሳንቃውን ሳይነካው "መልሺው" አለኝ።

"ጋሼ፣ ልጁን ነው የቀበረ።"

"መልሺው አልኩሽ። ፊት መሣል ትቻለሁ።"

"አሁንም በዚያች አንዲት ቃል?" ብዬ በሩን ወርውሬበት ወጣሁ። ነድጄ ነበር።

ቲሞፌይ ግን አልተናደደም። የይቅርታ እሁድ እስኪመጣ ጠበቀ። ከዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለችው እሁድ ናት፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ በየቤቱ እየዞረ ጎንበስ ብሎ ይቅር በለኝ ይላል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ይባላል። ጎንበስ ያለን ሰው ያን ቀን እምቢ ማለት አይቻልም። "ዛሬ እምቢ ሊለኝ አይችልም" አለኝ ቲሞፌይ። ሳንቃውን በብብቱ ያዘ፣ እኔ የጋገርኩትን በቅቤ የራሰ ስስ ቂጣ ያዝኩ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አብረን መንገዱን ተሻገርን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁልጊዜም ጠባብ ነበር።

ላቭሬንቲ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። "ማን ነው?" አለ።

"እኛ ነን ጋሼ።"

"እኛ ማለት?"

ቲሞፌይ ፊት ለፊቱ፣ ብርሃኑ ውስጥ ቆሟል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ሊያዋርደኝ ነው ብሎ ነው። ቢሆንም ተንበረከከ። "ላቭሬንቲ፣ ይቅር በለኝ። ሠዓሊው ማነው ሲሉ እኔ ስላልኩት።"

"ቲሞሻ" አለ ላቭሬንቲ። በልጅነቱ የምንጠራው እንደዚያ ነው። "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔንም ይቅር በለኝ።" ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን ቲሞፌይን ስቶ የእኔን ሽርጥ ያዘ። ሽርጤን እየዳበሰ "የታለህ?" አለ።

ቂጣውን አስቀመጥኩት። ኩራት ያልኩት፣ ሰላምታ የነሳኝ፣ ደረጃውን ሳይወጣ ደጅ የቆመው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝና አፈርኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ቲሞፌይ፣ እንደተንበረከከ።

"ቆየ። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር፣ ከዚያ ጠቆረ። የእኛ ሥራ ይሄን ያመጣል፣ ታውቀዋለህ።"

ቲሞፌይ ሲያስብ ይታየኝ ነበር፤ እንዳያስብ አፉን ልይዘው ፈለግኩ። "እንግዲያ የኋለኞቹን ፊቶች ማን ሣላቸው?"

"ተወኝ። ዛሬ ይቅር ተባብለናል። ቂጣህን ብላ፣ ነገ ጾም ነው።"

"ማን ሣላቸው ነው የምልህ ጋሼ።"

ላቭሬንቲ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። "እሷ ናት። መጀመሪያ ቀለም ታቀብለኝ ነበር። ከዚያ እጄን ትይዝልኝ ጀመር። ከዚያ እኔ እየነገርኳት ራሷ ሣለች። እንዳትነግረው ብላ አስማለችኝ፤ ከሰማ ይከለክለኛል አለች። መስተዋት አስቀምጣ ነው የምትሥለው። የማንን ፊት ታውቃለች? የራሷን ነዋ።"

"በበረዶ ላይ የምትሄደው?"

"እሷ ናት። እጁ ወጣት ሆኗል አልክ አሉ። መጥታ ስትነግረኝ ከሳቋ ብዛት መቀመጥ አቃታት። እንደ ያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።"

ቲሞፌይ ሳንቃውን ወደ ደረቱ ሳበው። ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረበትም፤ መልሱን እኮ ይዞታል። ግን ጠየቀ። "ይቺስ? ቁልፍ የያዘችው?"

"ትኩሳት ይዟት ነበር" አለ ላቭሬንቲ። "እጇ ሲንቀጠቀጥ ብሩሹ ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እሰማዋለሁ። ነገ ትጨርሺዋለሽ፣ ሂጂ ተኚ አልኳት። ነገ ላልችል እችላለሁ፣ አባዬ በጋውን ሙሉ ለፍቶበታል አለችኝ። ፌቭሮንያ መልሳ ስታመጣልኝ ጣቴን አሳለፍኩበት። ቢላ የነካው ቦታ ለጣት አይደበቅም።"

"ክረምቱን ሙሉ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር። በቀብሯ ቀን ከደጅ የቀረሁትም ለዚሁ ነው። ሬሳዋ ባለበት ቤት ብገባ አፌ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። እስክሞት አልነግርህም ብዬ ነበር፣ አንተ ተንበርክከህ መጣህ።"

ቲሞፌይ አላለቀሰም። አውራ ጣቱን በተፋቀው ቦታ ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ያሸው ነበር። "ተወው አባዬ ብላኝ ነበር" አለ። "ተወው ብላኝ ነበር እኮ።" እንደሱ እያለ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሁለቱንም ያን ቀን ጠላኋቸው፤ አንዱን ስለተናገረ፣ አንዱን ስለጠየቀ። ከዚያ ደግሞ ከእነሱ ሌላ ማንም እንደሌለኝ ትዝ አለኝ፣ ቂጣውን አሙቄ አቀረብኩላቸው። ማንም አልበላም።

የተሸጡትን ፍለጋ ቲሞፌይ ሞስኮ ድረስ ሄዶ መጣ። ባሕር ተሻግረዋል አሉት፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ባዕድ አገር፣ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የእኛ ልጅ ተሰቅላለች፤ የቤቱ ሰዎች ማን እንደሆነች ሳያውቁ ከሥሯ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። 

ጾሙን ሙሉ ቲሞፌይ ራሱ ሊሥላት ሞከረ። ላቭሬንቲ አጠገቡ ተቀምጦ ግንባሯን፣ አገጯን ይነግረዋል። አንዴ ቅድስት ትወጣለች፣ አንዴ አሻንጉሊት ትወጣለች፣ እሷ አትወጣም። "እኔ የማውቀው ልብስ ነው እታለም" አለኝና ጠርጎ ተወው። ወፎቹ ከሞቃት አገር ተመልሰው የሚመጡበት ቀን ሲደርስ እንደ ልማዳችን በወፍ ቅርጽ ዳቦ ጋገርኩ፣ ለዓይናቸው ዘቢብ አደረግኩ፤ ኡስትያ ዘቢቡን ቀድማ ለቅማ ስትበላብኝ ነበር የኖረችው። ዘንድሮ ዘቢቡ ሁሉ በቦታው ቀረ።

ወንዛችን ሹርማ በረዶውን የሰበረ ቀን ቲሞፌይ ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ያንኑ ቢላዋ አንስቶ ጥግ ላይ ያለውን የወርቅ ስሙን ፋቀ። እኛ ዘንድ አርጅታ ፊቷ የጠፋ የቅዱሳን ሥዕል አትጣልም፣ አትቃጠልም፤ ወንዝ ሲከፈት በውሃ ትላካለች። ላቭሬንቲ የቢላዋውን ድምፅ ሰምቶ "ወደ ወንዙ ነው?" አለው።

"እሷ ቅድስት አይደለችም፣ አውቃለሁ" አለ ቲሞፌይ።

"ፊቷ ግን ጠፍቷል" አለ ላቭሬንቲ። "ተነሣ፣ እንሂድ።"

ላቭሬንቲ እጁን በታናሹ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ወረድን። ውሃው የበረዶ ስባሪ እያንገጫገጨ ይወርዳል። ቲሞፌይ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሳንቃውን በጀርባው አንሳፈፈው፤ ሰማዩ፣ ወፎቹ፣ ቁልፉን የያዘው እጅ፣ መሀል ላይ ያ ነጭ ቦታ። እኔ ከወፍ ዳቦዎቹ አንዱን ላይዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ለቀቃት፣ ሄደች።

"ቲሞሻ" አለ ላቭሬንቲ ከዳር ሆኖ። "እንዴት ተኛች? ፊቷ ወደ ላይ ነው?"

ቲሞፌይ ውሃው ውስጥ ቆሞ በዓይኑ ተከተላት።

"ወደ ላይ ነው" አለው።

ከዚያ ወጥቶ ክንዱን ያዘውና ወደ ቤት ወሰደው። እኔ ሳንቃዋ መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር ድረስ ቆየሁ።